የሚቀነስ ድምፅ

በእኛ ግቢ አምስት ቤቶች አሉ፤ በአምስቱም ጣሪያ ላይ ዲሽ ተተክሏል። ቀራንዮን ለሚያውቅ ሰው የግቢውን ነገር ማብራራት አያሻኝም፤ አንድ የውሃ ቧንቧ፣ አንድ የመብራት ቆጣሪ፣ አንድ የልብስ ማስጫ ገመድ ለአምስት አባወራ። መብራት ሲጠፋ አብረን እንጨልማለን፤ ሲመጣም ከአምስቱም ቤት የሕፃናት እልልታ በአንድ ጊዜ ይሰማል። ከእልልታው በኋላ ግን እያንዳንዳችን በራችንን ዘግተን፣ ሪሞታችንን አንስተን፣ ወደየአገራችን እንገባለን። «ወደየአገራችን» ያልሁት ለማጋነን አይደለም። ግድግዳው ስስ ነውና ሁሉንም እሰማለሁ፤ በአንደኛው ቤት ድል የተባለው በሌላኛው እልቂት፣ በአንደኛው ጀግና የተባለው በሌላኛው ሽፍታ ሲባል በአንድ ምሽት፣ በአንድ ሰዓት አድምጫለሁ።

ዛሬ ልሞግት የተነሣሁት ይህንኑ ነው። የሰው ማንነት የሚያየውንና የሚሰማውን ይመርጥለታል ቢባል እንግዳ ነገር አይደለም። እናቱ ያዜመችለትን ቋንቋ ትቶ ባዕድ ዜማ የሚያስቀድም ማን አለ? እኔን የሚያስጨንቀኝ ነገሩ ከተገለበጠ መሰንበቱ ነው። ዛሬ የምንከፍተው ጣቢያ ማንነታችንን ይመርጥልን፣ ከማን ጋር ማልቀስ እንደሚገባን ይወስንልን ጀምሯል።

ማለዳ ከቀራንዮ ወደ ጦር ኃይሎች በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ሾፌሩ ሬዲዮ ሲከፍት ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? የጣቢያው ስም ገና ሲጠራ ተሳፋሪው የሾፌሩን ማጅራት እያየ የትውልድ ሐረጉን ይቆጥራል። ሾፌሩም ይህን አሳምሮ ያውቃልና ኳስ ይከፍታል። እኔ በምሠራበት ባንክ አዳራሽ የተሰቀለው ቴሌቪዥንም ድምፅ የለውም። አንድ ቀን አንዱ ደንበኛ «ይህን ጣቢያ ቀይሩልን» ሲል ሌላው «ለምን ሲባል ይቀየራል?» ብሎ ተቆጣ። ከዚያን ቀን ወዲህ የአንበሳና የሜዳ አህያ ግብግብ በዝምታ እናያለን። አንበሳው የማን ወገን እንደሆነ እስካሁን የጠየቀ የለም።

በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የቱርክና የሌሎች አገሮችን ተከታታይ ድራማዎች በአማርኛ እያስተረጎመ ማቅረብ ሲጀምር የተነሣውን ጩኸት ታስታውሳላችሁ። የኪነ ጥበብ ሰዎች ተሰበሰቡ፤ ባህል ይበረዛል፣ የአገር ውስጥ ሥራም ገበያ ያጣል የሚል ሥጋታቸውን አሰሙ። የእንጀራቸው ነገር ያሳሰባቸውን ባለሙያዎች አልነቅፍም፤ እንጀራ እንጀራ ነው። ስለ ባህል ዘብ የቆሙትን ግን ልጠይቃቸው እወዳለሁ፤ ቀማኛው በጓሮ ሲገባ እናንተ የፊት ለፊቱን በር ትጠብቁ አልነበረምን? «ጥቁር ፍቅር» በሚታይበት ሰዓት የግቢያችን ሴቶች ቡና አፍልተው በአንድ ቤት ይሰበሰቡ ነበር። አንዷ ስትዘገይ «ምን ሆና ይሆን?» ተብሎ ልጅ ይላክባት ነበር። ጉራጌዋም፣ ኦሮሞዋም፣ አማራዋም፣ ትግሬዋም ለአንዲት የባዕድ አገር ሴት አብረው አለቀሱ። በሰፈራችን ቱርክ የሆነ ልጅ አላየሁም። ለጎረቤቱ ባዕድ የሆነ ጎልማሳ ግን አይቻለሁ፤ አንዱ እኔው ነኝ።

ይህ ነገር አንድ መራር ጥያቄ ያስከትላል። የኢስታንቡሏን ሴት እንባ በአማርኛ አንደበት ለመስማት ተርጓሚ፣ ተዋናይና ስቱዲዮ አልቸገረንም። የአዳማዋን፣ የአክሱሟን፣ የጅግጅጋዋን፣ የሶዶዋን ሴት እንባ ግን ማን ተረጎመልን? ከሰማንያ በላይ ቋንቋዎች ያሏት አገር ስለመሆናችን በየበዓሉ በኩራት እንናገራለን። እስቲ በእውነት ንገሩኝ፤ በሕይወታችሁ ስንት የኦሮምኛ፣ የትግርኛ፣ የሶማሊኛ ወይም የሲዳምኛ ድራማ ወደ አማርኛ ተመልሶ አይታችኋል? ስንት የአማርኛ ድራማስ ወደ እነርሱ ተመልሷል? የሩቁን ለማወቅ ገንዘብ አወጣን፤ የቅርቡን ለማወቅ ግን ጆሯችንን እንኳ ማዋስ ከበደን።

እዚህ ላይ ከወዳጆቼ አንዱ «ድሮ ጥሩ ነበር፤ አንድ ሬዲዮ፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ አገር» እንደሚለኝ አውቃለሁ። ናፍቆቱን እጋራዋለሁ። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ አገር ምድሩ ጸጥ ይል እንደነበር አባቴ ደጋግሞ አውግቶኛል። ነገር ግን ናፍቆት ምስክር ሆኖ ሲቆም መስቀለኛ ጥያቄ ያስፈልገዋል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥርጭት ከጀመረ በኋላ ለበርካታ ዐሥርት ዓመታት የአገር ውስጡ ቴሌቪዥን የመንግሥት ብቻ ነበር። የግል ኤፍ ኤም ጣቢያ ድምፅ በአዲስ አበባ የተሰማው እንኳ በ2000 ዓ.ም. ነው። በኦሮምኛ የሚታተመው «በሪሳ» ጋዜጣ የተጀመረው ከአብዮቱ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረው ሚሊዮን አንባቢ ሊሆን የሚችል ሕዝብ በገዛ አገሩ የእንግዳ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያደምጥ ነበር። ስለዚህ «አንድ ነበርን» ስንል «አንዳችን ስንናገር ሌላችን ዝም ይል ነበር» ማለታችን እንዳይሆን እንጠንቀቅ። ወደዚያ እንመለስ የሚል ሰው ከእኔ ጋር አይደለም።

አባቴ ሌላም ነገር አውግቶኛል። በደርግ ዘመን፣ ማታ ማታ፣ በሩን ቀርቅሮ፣ ሬዲዮውን ትራስ ሥር አድርጎ የአጭር ሞገድ ጣቢያ ይፈልግ ነበር። የጀርመን ድምፅ በአማርኛ ማሰራጨት የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነውና በዚያ የመከራ ዘመን ለብዙ ቤት የዓለም መስኮቱ እርሱ ነበር። እናቴ ከምድጃው አጠገብ ሆና «ኧረ ቀንሰው! ቀንሰው!» ትለው ነበር አሉ። የፈራችው ቀበሌን ነው። ከግድግዳው ማዶ ያለው ጎረቤትስ? እርሱም በራሱ ትራስ ሥር ያንኑ ጣቢያ ይሰማ ነበር፤ ጠዋት ውሃ ሲቀዱ በዓይን ይግባቡ ነበር።

እኛስ? እኛ ዛሬ ድምፅ የምንቀንሰው ከማን ሸሽተን ነው?

በግቢያችን ሰፈሩ ሁሉ «አደይ» እያለ የሚጠራቸው እናት አሉ። ቀራንዮ ከገቡ ከእኔ ዕድሜ በላይ ይሆናቸዋል። እናቴ በታመመች ጊዜ አጥሚት ይዘው የሚገቡት፣ አባቴ በሞተ ጊዜ ከዕድሩ ድንኳን ቀድመው የደረሱት እርሳቸው ናቸው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር የአደይ ቤት ድምፅ እየቀነሰ መጣ። ከውጭ አገር የሚተላለፈውን የትግርኛ ዜና እንደሚከታተሉ አውቅ ነበር፤ ከግድግዳው ማዶ የሚሰማኝ ግን ሹክሹክታ የሚያህል ሆነ። የእኔስ ቤት? አልዋሽም፤ የእኔ ቤት ድምፅ ጨመረ። ልጨምረው ብዬ አስቤ አልነበረም፤ እጄ ብቻ ሪሞቱ ላይ ሄደ። ወገኔ ነው የምለው ጣቢያ ድል ሲያውጅ ጎረቤት እንዲሰማልኝ ፈለግሁ መሰለኝ። እናቴ ለአባቴ «ቀንሰው» ያለችው ቀበሌን ፈርታ ነው፤ አደይ ግን ድምፃቸውን የቀነሱት እኔን ፈርተው ነው። እኔን! በእጃቸው ያጎረሱኝን ልጅ!

በትግራይ የባንክ አገልግሎት በተቋረጠበት ወቅት አደይ አንድ ቀን እኔ ወደምቀመጥበት መስኮት መጡ። አድዋ ላለች እህታቸው ገንዘብ መላክ ይቻል እንደሆነ በዝቅተኛ ድምፅ ጠየቁኝ። «አይቻልም አደይ፤ መስመሩ ተቋርጧል» አልኋቸው። «እሺ ልጄ» ብለው ብሩን በነጠላቸው ጫፍ መልሰው ቋጠሩት። በዚያ ምሽት ዜናዬን ስከፍት፣ ስለ ጦር ግንባሩ ሁሉን የሚነግረኝ ጣቢያዬ ስለዚያች ቋጠሮ አንድም ቃል እንደማይነግረኝ ለመጀመሪያ ጊዜ አስተዋልሁ። በአደይ በኩል የሚሰማው ዜናም በሌላው ወገን ስለወደቀው የሌላ እናት ልጅ ላያነሣ ይችላል። እያንዳንዱ ጣቢያ የራሱን ሙት ይቆጥራል፤ የሌላውን ሙት የሚቆጥር አንድም አላገኘሁም። በጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ሲፈረም የጠመንጃው ድምፅ ቀነሰ ተባለ። የአደይ ሬዲዮ ድምፅ ግን ወደ ቀድሞው አልተመለሰም።

«የራሴን ወገን ጣቢያ ባይ ምን አጠፋሁ?» የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። መልሴ ይህ ነው፤ በራስህ ቋንቋ መስማት መብትህ ነው፤ ማንም ሊነካብህ አይገባም። የራስህን ወገን ብቻ መስማት ግን ምርጫህ ነው፤ በምርጫህ ደግሞ ትጠየቃለህ። ሁለቱን አንድ አድርገው የሚሸጡልን ሰዎች አሉ። ቋንቋችንን ስለምንወድ ጥላቻቸውንም አብረን እንድንገዛ፣ ዘፈናችንን ስለሚያሰሙን ሐሰታቸውንም እንድናምን ይፈልጋሉ። በእናት ቋንቋ የተነገረ ውሸት ከሌላው ውሸት ይልቅ ይጣፍጣል፤ አደገኛነቱም እዚህ ላይ ነው።

ኢሳት በ2002፣ ኦ.ኤም.ኤን. በ2006 ዓ.ም. በባሕር ማዶ ሲመሠረቱ አንድ ትልቅ ምክንያት ነበራቸው፤ በአገር ቤት የታፈነ ድምፅ ነበርና። በሚኒያፖሊስ ብርድ ወይም በዋሽንግተን የሌሊት ፈረቃ ላይ ላለ ስደተኛ ጣቢያ ማለት አገር ማለት ነው። ከወገኑ ጋር የሚያገናኘው ሌላ ገመድ የለውምና በዚያ ላይ አጥብቆ ቢንጠለጠል አልፈርድበትም። እኛ ግን ምን ሆንን? በአንድ ቧንቧ ውሃ እየቀዳን፣ በአንድ ገመድ ልብስ እያሰጣን፣ ሳንሰደድ የስደተኛ ናፍቆት ያዘን። ቴሌቪዥኑ ያልበቃንም በስልካችን ቀጠልን፤ ፌስቡኩና ዩቲዩቡ ትናንት ያስቆጣንን እያየ ለዛሬ የባሰውን ያቀርብልናል።

ከቀራንዮ ብዙም ሳይርቅ ዘነበወርቅ የሚባል ሰፈር አለ። በ1958 ዓ.ም. አለርት ከመመሥረቱ አስቀድሞ ጀምሮ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ከየክፍለ አገሩ እየመጡ በሆስፒታሉ ዙሪያ ሰፍረዋል። የገዛ ዘመዶቻቸው የሸሹአቸው ሰዎች፣ ልዩ ልዩ ቋንቋ እየተናገሩ፣ ሰፈር መሠረቱ፤ ወለዱ፣ ከበዱ። ያሰባሰባቸው አንድ የዘር ግንድ አልነበረም፤ አንድ ሕመምና የአንዱን ሕመም ሌላው መስማቱ ነው። የእኛስ ሕመም አንድ አይደለምን? የጤፉ ዋጋ፣ የቤቱ ኪራይ፣ የማይመጣው ውሃ በየትኛው ብሔር ቋንቋ ነው የሚያመው?

ጣቢያ ይዘጋ አልልም፤ መዝጋቱን ሞክረነዋል፤ ትርፉ ትራስ ሥር ማድመጥ ነው። የምለው ሌላ ነው። ጣቢያ ያላችሁ ሰዎች፣ ለቱርክ የሰጣችሁትን ትርጉም ለወላይታና ለአፋርም ስጡ። ጣቢያ የሌለን እኛ ደግሞ ከቤታችን እንጀምር። እኔ ጀምሬያለሁ። ባለፈው እሑድ ቡና ይዤ አደይ ቤት ገባሁ፤ ዜናው ሰዓት ደረሰ። እጃቸው ወደ ሬዲዮው ሲሄድ አየሁና «አይቀንሱት አደይ፤ እየተረጎሙልኝ እንስማው» አልኋቸው። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ ድምፁን ጨመሩት። ሁሉንም አላመንሁም፤ ሁሉንም አልካድሁም። ከአራት ዓመት በላይ ግን ከግድግዳው ማዶ ምን ይሰማ እንደነበር አወቅሁ። በመጨረሻ «አንተስ ቤት ምን ይላሉ?» ብለው ጠየቁኝ። ነገርኋቸው። ቡናው ሦስተኛው ላይ ደርሶ ነበር።

ግድግዳው ስስ ነበር፣ ሳል የሚያሻግር፤
ጆሯችን ነው እንጂ የሆነብን አጥር።
ከአንድ ቧንቧ ቀድተን፣ ባንድ እሳት ሞቀን፣
የአንዳችን ለቅሶ ለአንዳችን ራቀን።
እባክዎን አደይ፣ ድምፁን ከፍ ያድርጉት፤
ኀዘኑ የኔም ነው፣ ብቻዎን አይስሙት።

ቸር ያሰማን።