የልጅ መኪና፣ የአያት ሶላር

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከጎንደር፣ ከአዲስ አበባ፣ አንዳንዴም ከባሕር ማዶ ልጆች ወደ አያቶቻቸው ይሄዳሉ። ድሮ ከልብሳቸው ጋር ለአያት የተላከ ቡናና ስኳር ነበር የሚጫነው። ዛሬ በሪሞት የሚነዳ መኪናም አብሮ ይጓዛል። ደባርቅን አልፎ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ገደሉን እየፈለፈሉ ባወጡት የሊማሊሞ ጠመዝማዛ ወርዶ ድብ ባሕር ሲደርስ፣ መኪናው ሩብ ሰዓት ያህል አቧራ አስነስቶ ይቆማል። ልጁም "ሶኬቱ የት ነው?" ብሎ ይጠይቃል።

ከመብራት መስመር በራቀ ቤት፣ ወይም መብራት በሚጠፋበት ሰሞን፣ ቤቱ ያለው ኃይል እንደ እንስራ ውሃ ነው፤ ለአንዱ ሲቀዳ ለሌላው ይጎድላል። አያት ደግሞ የልጅ ልጃቸው ፊቱ ሲጠቁር ማየት አይሆንላቸውም። ሶላሩን ከመብራቱ ነቅለው ለመኪናው ይሰጣሉ። ማታ ቤቱ ይጨልማል፤ ስልኩም ይዘጋል። ሌሊት ሰው ቢታመም መኪና የሚጠራው በዚያው ስልክ ነው። ስለዚህ ልጁ ከመሄዱ በፊት ሂሳቡን ወላጅ ቢሠራው ይሻላል።

ሂሳቡ ከባድ አይደለም። በመጫወቻው ባትሪ ላይ ቮልትና ሚሊአምፒር-ሰዓት ተጽፈዋል። ሚሊአምፒሩን ለ1,000 አካፍለው በቮልቱ ያባዙት፤ የሚያገኙት ዋት-ሰዓት ይባላል። በብዙ መኪኖች ላይ የሚገኘው 7.2 ቮልት፣ 3,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት ባትሪ ወደ 22 ዋት-ሰዓት ይይዛል። ሲሞላ በሙቀት የሚባክነውን ስንጨምርበት 27 ያህል ይፈጃል። ይህ አንድ ዘመናዊ ስልክ ከባዶ እስኪሞላ ከሚወስደው ይበልጣል። 3 ዋት የምትወስድ አምፖል በዚህ ኃይል ዘጠኝ ሰዓት ትበራለች፤ ሁለት ምሽት ማጥኛ ማለት ነው። ልጁ ሩብ ሰዓት የነዳው መኪና የአክስቱን ልጅ የሁለት ምሽት ብርሃን ይዞ እንደሚሄድ ቢነገረው ይገባዋል። ልጆች ማካፈልን የሚያውቁት የሚካፈለውን ነገር ሲያዩት ነው።

አሁን ኃይሉ ከየት ይምጣ ወደሚለው እንሂድ። በገጠር ቤት የተለመደው ትንሹ ሶላር፣ 3 ዋት ሰሌዳ ያለው መብራት፣ ጥሩ ፀሐይ በዋለበት ቀን የሚሰበስበው 10 ዋት-ሰዓት ገደማ ነው። መኪናውን አንዴ ለመሙላት ሦስት ቀን ሊጠጋ ነው። እርሱን ለቤቱ ይተዉት።

ፓወር ባንክ የተሻለ ነው። 20,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት የተባለው ውስጡ 74 ዋት-ሰዓት ይይዛል፤ በተግባር የሚሰጠው ግን 60 ገደማ ነው። መኪናውን ሁለት ጊዜ ይሞላል። ይህ የሚሆነው መጫወቻው በዩኤስቢ የሚሰካ የራሱ ቻርጀር ካለው ነው። ከሌለው ሽቦ ልጦ በቀጥታ ማገናኘት አይገባም፤ የፓወር ባንኩ 5 ቮልት ለ7.2 ቮልት ባትሪ አይበቃም፤ የሊቲየም ባትሪ ከሆነ ደግሞ መቼ እንደሚያቆም የሚያውቀው ቻርጀሩ ነው።

የቤተሰቡ መኪናም አለ። 12 ቮልት፣ 60 አምፒር-ሰዓት ባትሪ 720 ዋት-ሰዓት ይይዛል ይባላል፤ ጤነኛ ከሆነ አንድ ሁለት ጊዜ ለመጫወቻው ቢሰጥ አይጎዳም። ችግሩ ቴፑ ሲዘፍን፣ በሩ ተከፍቶ መብራቱ ሲበራ፣ በዚያ ላይ ባትሪው ያረጀ ሲሆን ነው። ሊማሊሞን መልሶ የሚወጣ መኪና ማለዳ አልነሳም ካለ መጫወቻው ውድ ዋጋ አስከፈለ ማለት ነው። ብልሃቱ በጉዞ ላይ መሥራት ነው። ሞተሩ በሚዞርበት ሰዓት ከሲጋራ መለኮሻው ሶኬት ፓወር ባንኩን ይሙሉ። የመጫወቻውን ባትሪ ግን ቆመው፣ እያዩት ይሙሉ።

ሶላር መግዛት የሚያስብ ካለ 20 ዋት የሆነ ሰሌዳ ይበቃዋል። በበጋ እኩለ ቀን ላይ 15 ዋት ገደማ ቢሰጥ፣ አንዱን ባትሪ ለመሙላት የሚበቃውን ኃይል በሁለት ሰዓት ይሰበስባል። በክረምት ደመናው ስለሚጋርደው ከዚህ እጅግ ያነሰ ይጠብቁ። ልብ ማለት ያለብዎት፣ "12 ቮልት" የተባለ ሰሌዳ ምንም ሳይሰካበት ፀሐይ ላይ ሲውል 21 ቮልት ያህል ሊያወጣ ይችላል። በቀጥታ ከመጫወቻ ባትሪ ጋር ከተገናኘ ባትሪውን ያቃጥላል። መንገዱ ከሰሌዳው ወደ ኮንትሮለር፣ ከዚያ ወደ 12 ቮልት ባትሪ፣ ከዚያ ወደ ቻርጀር፣ መጨረሻ ላይ ወደ መጫወቻው ነው። ሰሌዳው ፀሐይ ላይ፣ ባትሪው ጥላ ሥር ይሁን።

አያቶች ስለ ባትሪ የሚያውቁት ብዙ ነው፤ ለሬዲዮና ለእጅ መብራት ስንት ድንጋይ ለውጠዋል! ያለቀውንም ቀጥቅጠው ጥቁሩን ዱቄት የትምህርት ቤት ሰሌዳ ያጠቁሩበት ነበር። የሊቲየም ባትሪ ግን የዚያ ዘመድ አይደለም። ቢቀጠቀጥ፣ ቢበሳ ወይም እሳት ውስጥ ቢጣል በራሱ ይነዳል፤ ጭሱም መርዝ ነው። ያለቀውን ልጆች እንዳያገኙት አስቀምጠው ወደ ከተማ ይመልሱት።

ሲሞላም ቦታው ይታሰብ። ፍራሽ ላይ፣ ጭድ አጠገብ፣ የሣር ጣሪያ ሥር አይሆንም። ደጅ፣ በጥላ፣ ሰፊ ድንጋይ ላይ ያኑሩት፤ አጠገቡ አንድ ባልዲ ደረቅ አፈር ወይም አሸዋ ይኑር። አዋቂ ሳይኖር አይሞላ፤ ሰው ተኝቶም አይሞላ። ያበጠ፣ የሚሸት ወይም እጅ የሚያቃጥል ባትሪ ከዚያ በኋላ አይሰካም። ነድዶ ቢገኝ ልጆቹን ማራቅ ይቀድማል። ከጨዋታ የመጣ ባትሪ ትኩስ ስለሆነ እስኪበርድ ይቆይ። ብርዱም ይጎዳል፤ በደጋው፣ ውርጭ በጣለበት ማለዳ፣ ከዜሮ ዲግሪ በታች የቀዘቀዘ ሊቲየም ባትሪ ቻርጅ ቢደረግ ውስጡ ይበላሻል። ወደ ቆላው ሲወርዱ ደግሞ በተዘጋ መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ አይተዉት።

ከውጭ አገር ለምትመጡ፦ ፓወር ባንክና ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይገባም፤ በእጅ ይያዛል። እስከ 100 ዋት-ሰዓት ያለው በአብዛኛው ይፈቀዳል፤ ከዚያ በላይ እስከ 160 ያለው የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። የባትሪውን ጫፍ በፕላስተር ይሸፍኑ። የሚበር ድሮን ግን ያለ መንግሥት ፈቃድ ወደ አገር አይገባምና መሬት ላይ የሚሄደውን ብቻ ይያዙ።

በቤቱ ውስጥ ሥርዓቱን አያት ቢያወጡት ይከበራል። መጀመሪያ ስልኩና መብራቱ ይሞላሉ፤ የተረፈው ለመኪናው ነው። በቀን አንድ ሙሌት ከሆነ፣ ሪሞቱ ለሰፈሩ ልጆች በተራ ይዳረሳል፤ ተራውን ባለመኪናው ልጅ ራሱ ይቁጠር። በዩኤስቢ መሙላት ሁለትና ሦስት ሰዓት ሊፈጅ ስለሚችል ልጁ መጠበቅ አለበት። በዚያ ሰዓት የሰፈሩ ልጆች ከሽቦና ከቆርኪ የሠሩትን መኪና ያሳዩት፤ እርሱም አንድ ሠርቶ ይሞክር። አያትም ሰሌዳው ፀሐዩን ተከትሎ እንዲዞር የማድረጉን ሥራ ለልጁ ቢሰጡት፣ መኪናው የሚጠጣው ኃይል ከየት እንደመጣ በዓይኑ አይቶ ይመለሳል።