ክሪክ በትራፓኖ ይዞር ወይስ በእጅ?

ሰሞኑን ወርክሾፕ ውስጥ ትራፓኖ የአንዱን የክፍላችንን ልጅ እጅ ጠምዝዞት ሦስት ቀን በፋሻ ታስሮ ሰነበተ። ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም፤ ቪዲዮውን ያሳየሁት እኔ ነኝ።

ኮሎራዶ የሚኖሩት አጎቴ በመኪና የሚጎተት የመዝናኛ ተሳቢ ቤት አላቸው። አሜሪካኖች ትራቭል ትሬይለር ይሉታል፤ አልጋውም ምድጃውም ውስጡ ነው። ሲቆም እንዳይወዛወዝ በአራቱ ማዕዘን ከሻንሲው ጋር የታሰሩ ክሪኮች መሬት ድረስ ይወርዳሉ። ይሄን በማኖቬላ ጎንበስ ብሎ ማውረድ ወገብ ይቆርጣል። አጎቴ ግን ባለባትሪ ትራፓኖ ላይ ቡሶላ ሰክተው በጥቂት ደቂቃ ጨረሱት። እኛም አየንና «ታዲያ እኛ ለምን እንለፋለን?» ተባባልን።

ያልገባን ክሪክ ሁሉ አንድ አለመሆኑ ነው። የእሳቸው ክሪክ ደግፎ ያረጋጋል እንጂ ተሳቢውን አያነሳም። ግራና ቀኙ ጎማ ሥር ጣውላ በማስገባት፣ ፊትና ኋላው በመጎተቻው ክሪክ አስቀድሞ ይስተካከላል፤ ጎማውም ታኮ ይደረግለታል። ዋናው ክብደት ያለው ጎማው ላይ ነው። የኛው ክሪክ ግን መኪና ተሸክሟል።

ደወልኩላቸው። «ጋሼ፣ እርስዎን ምንም አላደረገዎትም?» ስላቸው ሳቁ።

«አይ ልጄ! መጀመሪያ ጊዜ መሬት ከነካ በኋላም ዝም ብዬ አዞርኩት፤ በማግስቱ በሩ አልዘጋ አለኝ። ሻንሲውን አጣምሜው ነበር፤ ሳላላው ተመለሰ። አሁን መሬት ሊነካ ሲል አቆምና የቀረውን በእጄ ነው የማጠብቀው።»

(ይቺን ቪዲዮው ላይ ቢያሳዩን ምን ነበረበት!)

በእጅ ሲዞር ቪቴው መክበዱ ይሰማናል። ትራፓኖ አይሰማውም፤ ቪቴው ጫፍ ደርሶ ሲነክስ የሞተሩ ጉልበት መሄጃ አጥቶ ወደያዘው እጅ ይመለሳል። የክላቹ ቀለበት ዝቅተኛ ቁጥር ላይ ቢሆን ኖሮ ይንሸራተት ነበር። የጓደኛችን ግን መሰርሰሪያው ምልክት ላይ ነበር፤ እዚያ ላይ ክላቹ አይሠራም።

አሁን «ትራፓኖ ክሪክ አጠገብ አይድረስ» የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። ምንም ያልተሸከመ ክሪክ ለመክፈትና ለመዝጋት፣ ክላቹ ዝቅ ብሎ፣ ምን ክፋት አለው? ክብደት ሲነካው ግን በእጅ ይሁን፤ እዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

ደግሞ እውነቱን እንነጋገር። ትራፓኖ ያስመኘን ስንፍና ብቻ አይደለም። የክሪኮቻችን ቪቴ ደርቆ ዝጓል፤ ግራሶ የነካውን ቀን የሚያስታውስ የለም። መምህራችን ቁልፉን ከፈቀዱልኝ ቅዳሜ ጠዋት የሽቦ ብሩሽና ግራሶ ይዤ እገባለሁ። ስድስት ክሪክ ነው ያለን፤ ሁለት ሰው ቢያግዘኝ እስከ ምሳ እንጨርሳለን።