ቆፍረን የተውነው ጉድጓድ የእኛ ዕዳ ነው

ወገን፣ ዛሬ ስለ ጉድጓድ እናውራ!

ሀዋሳ ፎቅ በፎቅ እየሆነች ነው፤ ደስ ይላል። ግን ብሎኬቱ፣ አሸዋው፣ የመንገዱ ጠጠር ከየት የመጣ ይመስላችኋል? ከምድራችን ተቆፍሮ ነው እኮ! ድንጋዩ ሲያልቅ ማሽኑ ይሄዳል፣ ጉድጓዱ ግን ይቀራል። ክረምት ላይ ውሃ ያቁራል፤ ለዋና የገባ ልጅ በዚያው ይቀራል። አዲስ አበባ ውስጥ በተተዉ የካባ ጉድጓዶች ስንት እናት አልቅሳለች! "ምን አገባኝ" የምትል ካለህ፣ ነገ የሚገባው የአንተ ታናሽ ወንድም ሊሆን ይችላል።

ሕጉ ከእናንተ ጋር ነው። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ባለፈቃዱ የጎዳውን አካባቢ መልሶ ለማልማት ገንዘብ እንዲመድብ ያዛል። ታዲያ ለምን አንጠይቅም?

"አይቻልም" አትበሉ። ጎረቤታችን ኬንያን እዩ። ሞምባሳ አጠገብ የባምቡሪ ሲሚንቶ ፋብሪካ ቆፍሮ ባራቆተው ድንጋይ ላይ በ1971 እ.ኤ.አ. ሸውሸዌ መትከል ተጀመረ፤ ዛሬ ቀጭኔና ጉማሬ ያለበት ፓርክ ነው። ስዊድን ውስጥ ደግሞ ዳልሃላ የሚባል የኖራ ድንጋይ ማውጫ በ1990 እ.ኤ.አ. ተዘጋ፤ አሁን ሺዎች ተቀምጠው ሙዚቃ ያዳምጡበታል።

እኛስ ከማን እናንሳለን? የላሊበላ አባቶቻችን ድንጋይ ፈልፍለው ገደል ትተው አልሄዱም፤ እስከ ዛሬ ዝማሬ የማይቋረጥበትን ቤት አወጡ እንጂ!

ሀዋሳም ዜማው አላት፣ የግንባታ ጥበቡም አላት። በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው ፍቼ ጨምበላላ ያለ ቄጣላ አይደምቅም። የሲዳማ ባህላዊ ቤትም እንደ ቅርጫት ከቀርከሃ የተሸመነ ነው፤ ቀርከሃ ደግሞ ተቆርጦ መልሶ ይበቅላል፣ በጥቂት ዓመት ለግንባታ ይደርሳል። ገደሉ ይስተካከል፣ የቆመው ውሃ ይፍሰስ፣ ዛፍ ይተከል። ከዚያ እዚያው ካለው ድንጋይ መቀመጫ፣ ከቀርከሃው ጥላ እንሥራ። የሰፈር ልጆች የሚለማመዱበት፣ ሽማግሌዎች ዜማውን የሚያስተምሩበት ቦታ ይሁን።

ስለዚህ ሦስት ነገር አድርጉ። በሰፈራችሁ ያለውን የተተወ ጉድጓድ ፎቶ አንሱ። ፈቃዱ የማን እንደነበር ቀበሌ ሄዳችሁ ጠይቁ። እስኪመለስላችሁ ድረስ ደግሞ ዙሪያውን እሾህ አጥሩበት፤ ልጆች እንዳይገቡ።

አገር መውደድ በባንዲራ ብቻ አይለካም። የቆሰለ መሬቷን ማከምም አገር መውደድ ነው!