ፉከራው በምን ይጻፍ?

ባለፈው ሳምንት በሙዚቃ ክፍለ ጊዜ አንድ ጓደኛችን ብድግ ብሎ ፎከረ። ክፍሉ ተናወጠ። ሦስታችን ደብተር አውጥተን ቃሉን ጻፍን። በማግስቱ ከየደብተራችን ብናነበው ሦስት ዓይነት ሆኖ ቁጭ አለ! ቃሉ አንድ ነው፤ ምቱ ግን የለም። ትንፋሹን ውጦ ዝም ያለበትንም ቦታ ማናችንም አልጻፍነውም።

ለምን ቢባል፣ ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። «ገና» ብለን ስንጽፍ በዓሉ ይሁን ጊዜው የሚታወቀው ከዓረፍተ ነገሩ ነው። የሙዚቃው አምስት መስመርም በበኩሉ ያስቸግራል። ኖታው ድምፅህን ይህን ያህል ከፍ፣ ይህን ያህል ዝቅ አድርግ ይላል፤ ፎካሪ ግን ይናገራል እንጂ አይዘፍንም።

ችግሩ የኛ ብቻ አይደለም። አርኖልድ ሾንበርግ እ.ኤ.አ. በ1912 «ፒዬሮ ሉኔር» በተባለው ሥራው በንግግርና በዜማ መካከል ላለው ድምፅ በኖታው ዘንግ ላይ መስቀል አደረገ። ኤርንስት ቶክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1930 ባቀረበው «የጂኦግራፊ ፉጋ» ዜማውን ጨርሶ ትቶ ምቱን ብቻ ጻፈ፤ አራት ድምፆች የቦታ ስም እየጠሩ ይቀባበላሉ።

«ፉከራ የወኔ ነው፤ ወረቀት ላይ ይሞታል» የሚሉ ጓደኞች አሉን። እኛ አንስማማም። የቤተ ክህነት ሊቃውንት ድጓውን በይዘት፣ በደረት፣ በድፋት፣ በርክርክና በሌሎቹም ምልክቶች ጽፈውታል። ታዲያ ዜማው ሞተ? አልሞተም። ተማሪው ዛሬም ከመምህሩ አፍ ይቀበላል፤ ምልክቱ ያስታውሰዋል።

ስለዚህ እንዲህ እንላለን። አንድ መስመር ብቻ ይሰመር። የኖታው ራስ በኤክስ ይተካ፤ ርዝመቱ እንደተለመደው በዘንግና በጅራት ይታወቅ። ዝምታው በዕረፍት ምልክት ይጻፍ። በሚጠብቀው ፊደል ላይ ሁለት ነጥብ ይደረግ። ፎካሪው ምቱን ለቆ በነፃ በሚሄድበት ቦታ ግን ቋሚ መስመር አይግባ፤ ያልነበረ ምት መፈልሰፍ ውሸት ነው።

«በስልክ ይቀዳ የለም እንዴ?» ትሉ ይሆናል። ይቀዳል እንጂ! ቅጂው ግን ያሰማል እንጂ አንድ ክፍል ሙሉ ልጅ የት ላይ አብሮ እንደሚተነፍስ ሰሌዳ ላይ አያሳይም። ነገ በየምድብ ቦታችን ፉከራ አዋቂ አባቶች እናገኛለን። ቃላቸውን ብቻ ይዘን ከተመለስን ግማሹን እዚያው ጥለን መጣን ማለት ነው።

የሙዚቃ መምህሮቻችንስ ምን ይላሉ? የጓደኛችንን ፉከራ በዚህ መንገድ ጽፈን ከዚህ ሥር ለጥፈነዋል። እስቲ ሞክሩትና ስህተቱን በእርሳስ አርሙልን።