«ፉል ኦፕሽን» ወይስ አስተማማኝነት? የምዕራብ ጎጃም ቤተሰብ መኪና ሲገዛ ሊመዝናቸው የሚገቡ ነጥቦች

በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ከተሞች የቤት አውቶሞቢል መግዛት ቀላል ውሳኔ አይደለም። የበቆሎና የበርበሬ ንግድ ለዓመታት ያጠራቀመው ጥሪት፣ የቤት ሽያጭ ገንዘብ ወይም ውጭ ሀገር ያለ ልጅ የላከው ዶላር በአንድ ቀን ለአንድ ዕቃ የሚከፈልበት ነው። ውሳኔው ከተሳሳተ የሚባክነው የአንድ ሰው ደመወዝ ሳይሆን የአንድ ቤተሰብ ዕድሜ ልክ ቁጠባ ነው።

ይሁን እንጂ በመኪና ገበያው ደላላውም ሻጩም አስቀድሞ የሚጠራው ቃል «ፉል ኦፕሽን» የሚለው ነው። ሰፊ የኩርስኮት ስክሪን፣ የሚከፈት የመስታወት ጣሪያ፣ የቆዳ ወንበር፣ ራሱን የሚያቆም መኪና ይዘረዘራል። መኪናው በሁለተኛው ክረምት ቢበላሽ ማን እንደሚጠግነው፣ መለዋወጫው ከየት እንደሚመጣና በስንት ቀን እንደሚደርስ ግን እምብዛም አይነሳም። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው የአበው ብሂል ለዚህ ገበያም ይሠራል።

«አዲስ መኪና» የሚለው ቃል ትርጉሙ ተቀይሯል

ጥያቄውን ዛሬ ይበልጥ አሳሳቢ ያደረገው የፖሊሲ ለውጥ ነው። በየካቲት 2012 ዓ.ም የጸደቀው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ መኪኖች ላይ ከፍተኛ ታክስ በመጣል፣ ለብዙ ዓመታት የመካከለኛ ገቢ ቤተሰብ መውጫ የነበረውን የአሮጌ መኪና ገበያ አስወደደው። በ2014 ዓ.ም የገንዘብ ሚኒስቴር ለኤሌክትሪክ መኪኖች ሰፊ የታክስ እፎይታ ሰጠ። ሙሉ በሙሉ ተገጣጥመው ለሚገቡት የጉምሩክ ቀረጡ 15 በመቶ፣ በከፊል ተገጣጥመው ለሚገቡት 5 በመቶ ሲሆን፣ ተበታትነው መጥተው ሀገር ውስጥ የሚገጣጠሙት ከቀረጥ ነጻ ሆኑ።

በጥር 2016 ዓ.ም ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር የኤሌክትሪክ ካልሆኑ በቀር አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ቤንዚንም በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም መጨረሻ በተደረገው የዋጋ ክለሳ በሊትር ከ100 ብር በላይ ሆነ።

የእነዚህ ሁሉ ድምር ውጤት ግልጽ ነው። ዛሬ «አዲስ መኪና» ሲባል በተግባር የኤሌክትሪክ መኪና ማለት ነው። የነዳጅ መኪና የሚፈልግ ሰው ቀድሞ ከገቡት መካከል ለመምረጥ ይገደዳል። ስለዚህ የምዕራብ ጎጃም ገዢ የሚያወዳድረው ሁለት መኪኖችን ብቻ አይደለም። በአንድ ወገን የጋራዥ፣ የመለዋወጫና የነዳጅ ማደያ ሥርዓት፣ በሌላ ወገን የኤሌክትሪክ መስመር፣ የቻርጀርና የኮምፒውተር ባለሙያ ሥርዓት ቆመዋል።

አስተማማኝነት ከፋብሪካው ብቻ አይገኝም

ገበሬ በሬ ሲገዛ ቀንዱን አይቶ አይከፍልም። ጥርሱን ከፍቶ ዕድሜውን ይገምታል፤ ሰኮናውን ያያል፤ ከተቻለም አጥምዶ ይሞክረዋል። ውኃ መሳቢያ ሞተር የገዙ የመስኖ ተጠቃሚዎችም ከተሞክሮ የሚያውቁት ነገር አለ። ከአምስት መቶ ብር ያነሰ ዋጋ ያለው ጎሚኒ ወይም ኩሽኔታ በአካባቢው ካልተገኘ፣ ሞተሩ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን በቆሎው ወይም ሽንኩርቱ ውኃ በጠማው ሳምንት ብረት ብቻ ነው።

በኢትዮጵያ የመኪና ታሪክም ይኸው እውነት ይታያል። ላዳ ምንም ዓይነት ቅንጦት አልነበረውም። ነገር ግን በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ለአሥርት ዓመታት በታክሲነት የቆየው እያንዳንዱ መካኒክ ስለሚያውቀው ነው። ቶዮታ ዲኤክስም ዕድሜው ከብዙ አሽከርካሪዎች ዕድሜ የሚበልጥ ሆኖ ሳለ እስከ ዛሬ የሚፈለገው፣ መለዋወጫው ከመርካቶው ሶማሌ ተራ ጀምሮ በቀላሉ ስለሚገኝ ነው። አስተማማኝነት የፋብሪካው ጥራት፣ የመለዋወጫው አቅርቦትና የመካኒኩ ዕውቀት ድምር ነው። አንዱ ሲጎድል ሌሎቹ ብቻቸውን አያቆሙትም።

የዓለም ተሞክሮም ይህን ይደግፋል። የአሜሪካው የሸማቾች ተቋም ኮንሲውመር ሪፖርትስ እ.ኤ.አ በ2023 ይፋ ባደረገው ጥናት፣ የኤሌክትሪክ መኪኖች ከነዳጅ መኪኖች ጋር ሲነጻጸሩ በአማካይ 79 በመቶ የበለጠ ችግር ሪፖርት ተደርጎባቸዋል። ነዳጅና ኤሌክትሪክ የሚያጣምሩት ሀይብሪዶች ደግሞ ከነዳጅ መኪኖችም 26 በመቶ ያነሰ ችግር ነበረባቸው። ይህ ማለት ኤሌክትሪክ መኪና በባሕርይው ደካማ ነው ማለት አይደለም። ቴክኖሎጂው አዲስ ነው፤ አምራቾቹም በየዓመቱ አዳዲስ ኤሌክትሮኒክስ ይጨምሩበታል። ለገዢው የሚተርፈው ትምህርት፣ ገና በመጀመሪያ ዓመቱ ላይ ያለን ሞዴል ከመግዛት፣ ሁለትና ሦስት ዓመት በመንገድ ላይ የተፈተነውን መምረጥ ይሻላል የሚል ነው።

የወረቀት ርቀትና የዓባይ በረሃ ርቀት

የኤሌክትሪክ መኪና ለጎጃም ደጋ የሚስማማ ጠባይ አለው። የደምበጫ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በአየር መሳሳት ምክንያት ከጉልበቱ ሃያ በመቶ ያህሉን ያጣል፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አያጣም። የዘይት ቅየራ፣ ካንዴላና ፍሪሲዮን የሚባል ጣጣም የለበትም። ቁልቁለት ሲወርድ ደግሞ ፍሬኑን ሳያግል የተወሰነውን ኃይል ወደ ባትሪው ይመልሳል።

ችግሩ ረጅም መንገድ ላይ ነው። ከቻይና የሚመጡ መኪኖች አንድ ጊዜ ተሞልተው ይጓዛሉ የሚባለው ርቀት የሚለካው በቻይና መለኪያ ሲሆን፣ ይህ መለኪያ ከእውነተኛው የመንገድ ጉዞ ከፍ ያለ ቁጥር ይሰጣል። ለምሳሌ ቶዮታ ቢዜድ 3 የተባለው የቤተሰብ አውቶሞቢል በአነስተኛ ባትሪው 517 ኪሎ ሜትር እንደሚጓዝ ተመዝግቧል። ለጥንቃቄ 30 በመቶ ቢቀነስለት 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ባትሪው ጨርሶ ባዶ እንዳይሆን 15 በመቶ መጠባበቂያ ሲተውለት የሚቀረው 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከደምበጫ አዲስ አበባ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ይጠጋል።

በመካከሉም የዓባይ ሸለቆ አለ። ከጎሐ ጽዮን ወርዶ፣ የሕዳሴን ድልድይ ተሻግሮ ወደ ደጀን የሚወጣው መንገድ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ መልሶ ሽቅብ ይወጣል። ከነተሳፋሪው ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና 1 ሺህ ሜትር ከፍታ ለመውጣት፣ የነፋሱና የጎማው ድካም ሳይቆጠር፣ ከ5 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ኃይል ይፈልጋል። ይህም የ50 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪን አንድ አሥረኛ ነው። ቁልቁለቱ ከዚህ የሚመልሰው ከፊሉን ብቻ ነው።

በአንጻሩ የዕለት ተዕለት ኑሮው አጭር ርቀት ለሆነ ቤተሰብ ስሌቱ ሌላ ነው። ከደምበጫ ፍኖተ ሰላም 40 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ደብረ ማርቆስ ደርሶ መልስም ከ100 ኪሎ ሜትር ብዙም አይርቅም። ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዞ መካከለኛ ባትሪ ያለው የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል በቂ ነው፤ ወጪውም ከቤንዚን በእጅጉ ይቀንሳል።

መኪናው ሳይሆን ሶኬቱ ሲደክም

ኃይል መሙላት በቤት ይጀምራል። በተራ የ220 ቮልት ሶኬት፣ በ10 አምፔር ልክ፣ መኪናው በሰዓት 2 ኪሎ ዋት ገደማ ይቀበላል። በዚህ ፍጥነት 50 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ከባዶ ለመሙላት አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ይፈጃል። 7 ኪሎ ዋት የሚሰጥ የግድግዳ ቻርጀር ሥራውን በአንድ ሌሊት ይጨርሰዋል፤ ግን የቤቱ መስመርና ቆጣሪ ይህን መሸከም መቻሉ በባለሙያ መረጋገጥ አለበት። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ሌሊት ተሞልቶ ያድራል የተባለ መኪና ጠዋት በግማሽ ባትሪ ሊገኝ ይችላል።

5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ተመርቋል። ነገር ግን የሀገር ማመንጫ መብዛቱ ብቻውን የቀበሌውን ትራንስፎርመር አያጠነክርም። ኃይሉ ከጉባ እስከ ደምበጫ ጓሮ የሚደርሰው በመስመርና በማከፋፈያ ነው። ፈጣን ቻርጀሮችም እስካሁን በብዛት የሚገኙት በአዲስ አበባ ነው።

በዚህ ላይ በክልሉ የቆየው የሰላም እጦት አለ። መንገድ ሲዘጋ ነዳጅ ይጠፋል፤ ዋጋውም በጥቁር ገበያ ይንራል። በዚያን ጊዜ በቤቱ ኃይል የሚሞላ መኪና ያለው ሰው ይሻለዋል። መንገድ ሲዘጋ ግን መለዋወጫም ከአዲስ አበባ የሚጠራ ባለሙያም አይደርስም። አንዱ ጥቅም ሌላውን ጉዳት ይዞ ይመጣል። ለዚህም ነው «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚባለው። በአቅራቢያ የሚጠገን መካከለኛ መኪና፣ በሩቅ ብቻ የሚጠገን ምርጥ መኪናን የሚያስንቅበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከኦፕሽኖች የትኛው ይያዝ፣ የትኛው ይቅር?

ሁሉም ተጨማሪ መገልገያ ቅንጦት አይደለም። ኤርባግ፣ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ኤቢኤስ ፍሬንና መኪናው እንዳይንሸራተት የሚቆጣጠረው ሥርዓት ሕይወት አዳኝ ናቸው። በዓባይ በረሃ ጠመዝማዛና በክረምት ዝናብ ለሚነዳ ቤተሰብ እነዚህ በዋጋ ድርድር ሊተዉ አይገባም። የኋላ ካሜራም ሕፃናት ግቢ ውስጥ ለሚጫወቱበት ቤት ይጠቅማል።

ስኮርት ጎማ ደግሞ በዝርዝሩ አናት ላይ መቀመጥ አለበት። ብዙ አዳዲስ መኪኖች በእሱ ፈንታ የአየር መሙያና የመድፈኛ ፈሳሽ ብቻ ይዘው ይመጣሉ። ያ ለከተማ ይበቃ ይሆናል፤ ጎሚስታ በሌለበት ገጠር በስለት ድንጋይ ለተቀደደ ጎማ ግን አይረዳም። ከፍታም እንዲሁ ነው። የቤት አውቶሞቢሎች ከመሬት ያላቸው ክፍተት በአብዛኛው ከ17 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም፤ ለምሳሌ ሱዙኪ ዲዛየር 16.3 ሴንቲ ሜትር ነው። ኤሌክትሪክ መኪና ባትሪውን ከሆዱ ሥር ስለሚሸከም፣ ከዋናው አስፋልት ወጥቶ ወደ ገጠር ቀበሌ የሚገባ ሰው ከድንጋይ ጋር መላተሙ በጣም ውድ ያስከፍለዋል። በዋልካ አፈር ላይ በክረምት መንዳትማ ጨርሶ የዚህ ዓይነት መኪና ሥራ አይደለም።

በሌላ በኩል የመስታወት ጣሪያ፣ በኤሌክትሪክ የሚወጣ የበር እጀታ፣ ራሱን የሚያቆም ሥርዓትና ትልቅ ቸርኬ ከጥቅማቸው ጥገናቸው ይበልጣል። ትልቅ ቸርኬ ያለው መኪና ጎማው ስስ ስለሚሆን የኮብልስቶንና የጠጠር መንገድ ድንጋጤ በቀጥታ ወደ አሞርዛተሩና ወደ ቸርኬው ያልፋል። ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና ስክሪኑ በቻይንኛ ብቻ ሊሆን፣ ካርታውና የስልክ መተግበሪያውም እዚህ ላይሠራ ይችላል። የኃይል መሙያ ቀዳዳውም የቻይናው ዓይነት ስለሚሆን ከአውሮፓው ዓይነት ቻርጀር ጋር አይገጥምም።

ገንዘብ ከመክፈል በፊት

አብዛኞቹ አምራቾች ለባትሪ 8 ዓመት ወይም 160 ሺህ ኪሎ ሜትር ዋስትና ይሰጣሉ። ዋስትናው ግን በአብዛኛው የሚሠራው መኪናው በይፋ በተሸጠበት ሀገር ነው። ከሌላ ሀገር ገበያ በግል አስመጪ የገባ መኪና ዋስትናው ድንበር ላይ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ገዢው ዋስትናውን ማን እንደሚፈጽም፣ የትኛው ጋራዥ የመመርመሪያ ኮምፒውተር እንዳለው፣ የፊት መብራትና የፍሬን ሸራ ሀገር ውስጥ እንዳለ በጽሑፍ ማረጋገጫ መጠየቅ አለበት። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። የቃል ተስፋ «ላም አለኝ በሰማይ» እንዳይሆን ወረቀት ያስፈልጋል።

ያገለገለ የነዳጅ መኪና የሚመርጥም ቢሆን የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ማመሳከር፣ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ማጣራትና የራሱን መካኒክ ይዞ መሄድ ይኖርበታል። የኤሌክትሪክ መኪና ገዢ ደግሞ የባትሪውን ጤንነት በኮምፒውተር አስመርምሮ ውጤቱን ይዞ መደራደር ይችላል።

ከገዢው አቅም በላይ ያለው

አንድ ቤተሰብ የቱንም ያህል ቢጠነቀቅ ቻርጀር መትከል ወይም ትራንስፎርመር መቀየር አይችልም። መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢልን በር ሲዘጋ የሌላውን በር ወለል አድርጎ የመክፈት ኃላፊነት ወስዷል። ከዓባይ ወዲያ ማዶ ለሚኖረው ሕዝብ ይህ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ፈጣን ቻርጀር፣ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የኤሌክትሪክ መኪና ጥገና ሥልጠና፣ በአስመጪዎች ላይም የመለዋወጫ ግዴታ ማለት ነው። እነዚህ እስኪሟሉ ድረስ በአዲስ አበባ አስተማማኝ የሆነው መኪና በደምበጫ አስተማማኝ ላይሆን ይችላል።

ምጥ የያዛትን እናት በሌሊት ከደምበጫ ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ማድረስ ያለበት መኪና የሚፈተነው በስክሪኑ ስፋት አይደለም። በዚያች ሰዓት ተነሥቶ መሄዱና ደርሶ መመለሱ ነው ዋጋው። ገዢው ከሻጩ ጋር ሲቀመጥ የመጀመሪያ ጥያቄው ይህ ቢሆን፣ ስለ ኦፕሽኑ ለመነጋገር ከዚያ በኋላም በቂ ጊዜ አለ።