መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ፤ መልከ መልካሙንስ በምን?

ጭሮ ላይ ስለ መኪና መልክ መከራከር አዲስ ነገር አይደለም። ወደ ሐረር የሚወስደው የቆየው አውራ ጎዳና አሰበ ተፈሪን መሀል ለመሀል ሰንጥቆ ስለሚያልፍ፣ የከተማዋ ወጣት ገዝቶት የማያውቀውን መኪና ሁሉ ከአፍንጫው እስከ ጭራው ያውቀዋል። የዛሬው መከራከሪያ ግን በስልክ ምስል እንጂ በመንገዱ ላይ የታየ አይደለም። ቢዋይዲ የተባለው የቻይና ኩባንያ “ያንግዋንግ ዩ9” ብሎ የሠራው የኤሌክትሪክ መኪና ነው። የዚሁ መኪና ልዩ ሞዴል እ.ኤ.አ በ2025 ጀርመን ውስጥ በሰዓት 496 ኪሎ ሜትር በረረ። ከ30 በላይ እንደማይመረትም ተነግሯል። መደበኛው ዩ9 እ.ኤ.አ በ2024 ገበያ ሲወጣ ዋጋው 1.68 ሚሊዮን የቻይና ዩዋን ነበር።

አድናቂዎቹ ለሁለት ተከፍለዋል። አንደኛው ወገን ወደ ላይ የሚከፈተውን በርና መሬት ለመሬት የሚሳበውን ገላ አይቶ “ቻይና ደረሰች” ይላል። ሌላው ደግሞ “ፊቱ በመብራት ተጨናንቋል፤ ደግሞም የጣሊያኑንና የእንግሊዙን ይመስላል” እያለ ያጣጥለዋል። የኩባንያው የንድፍ ኃላፊ ቮልፍጋንግ ኤገር ከአልፋ ሮሜዮና ከአውዲ የመጣ ባለሙያ መሆኑ ለሁለቱም ወገን መከራከሪያ ሆኗል።

ለመሆኑ ይህ ወቀሳ አዲስ ነው? አይደለም። እ.ኤ.አ በ1960 ፔጆ 404 ሲወጣም “ከፊያትና ከኦስቲን ጋር ተመሳሰለ” ተብሎ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ 404ንም ኦስቲኑንም የነደፈው የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና ነው። ለፌራሪ መኪኖችም ለአሥርተ ዓመታት መልክ ሲሰጥ የኖረው ይኸው ቤት ነው። እንግዲህ ልብ በሉ። ጎረቤታችን ሐረር ውስጥ ለረጅም ዓመታት ታክሲ ሆኖ ሕዝብ ያመላለሰው 404፣ የፌራሪው ነዳፊ እጅ ሥራ ነው። የሐረርጌ ሰው የሱፐር መኪና ነዳፊ ሥራ ላይ ሲሳፈር የኖረው በሳንቲም ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ የኢኮኖሚ ጥያቄው ይመጣል። ያ መኪና አገሩ ፈረንሳይ ውስጥ ማምረቱ ከቆመ በኋላም ሐረር ላይ ለምን ቆየ? ቆንጆ ስለነበረ ብቻ አይደለም። ፓራፋንጎው ሲጨማደድ ቀጥቃጭ ያቃናዋል፣ ላሜራው ሲበላ ይበየዳል፣ ስቱኮ ይቀባል፣ በማግስቱ ሥራ ይወጣል። መልኩ በአገሬው እጅ የሚታደስ መልክ ነበር። “ቅጥቅጥ” የምንለው አውቶብስም የዚሁ እጅ ልጅ ነው፤ የአይሱዙ ሻንሲ ላይ አገር ውስጥ የተቀጠቀጠ ገላ።

የእኛ ሰው ለመኪና ስም ማውጣትም ያውቅበታል። ሚኒባሱን ዶልፊንና አባዱላ፣ ላንድክሩዘሩን ኮብራ ብሎታል። ጫት ጭኖ ሌሊቱን የሚከንፈውን አይሱዙ ደግሞ ብዙ ሕይወት ስለቀጠፈ አልቃይዳ አለው። በምዕራብ ሐረርጌ ሱፐር መኪና ካለ እሱ አይሱዙ ነው። የገለምሶና የበዴሳ ጫት ከተቆረጠ በኋላ በየሰዓቱ ዋጋው ይወርዳልና ፍጥነት እዚህ ጌጥ ሳይሆን ገንዘብ ነው። ስም የወጣለትን መኪና ደላላው ያውቀዋል፣ መካኒኩ ያውቀዋል፣ መለዋወጫው ይገኛል። ስለዚህም ተመልሶ ሲሸጥ ዋጋው አይወድቅም። ስሙ የዋስትና ያህል ነው።

ታዲያ የዩ9 ክርክር ለጭሮ ምኗ ነው የሚል አይጠፋም። መልሱ እነሆ። መንግሥት በ2014 ዓ.ም ለኤሌክትሪክ መኪና የቀረጥ ቅናሽ ሲሰጥ፣ ሙሉ በሙሉ ተበትኖ ለሚገባው ዜሮ፣ በከፊል ለተገጣጠመው 5 በመቶ፣ ተሠርቶ ላለቀው 15 በመቶ አደረገ። በጥር 2016 ዓ.ም ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል እንዳይገባ መከልከሉ ተነገረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ብር በገበያ እንዲተመን ተለቀቀና የዶላር ዋጋ በዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ። ከሱፐር መኪናው አንድ ቤት የወጡ ትንንሾቹ ቢዋይዲዎች እነሆ በአዲስ አበባ ጎዳና ይታያሉ። የወንድሙን ፊት ወርሰው፣ ራዲያተር የሚያስተነፍስ ወንፊት የሌለው ድፍን ግንባር፣ ረጅም የመብራት መስመርና ዝቅ ያለ ፕላስቲክ ፓራውልት ይዘው መጥተዋል።

መልኩን አልጠላሁትም። ከጭሮ ወደ ሚኤሶ ቁልቁል ሲወርድ አይሱዙ ፍሬኑን የሚያነድበትን ጉልበት የኤሌክትሪክ መኪና ወደ ባትሪው ይመልሳል፤ ይህ ከማንኛውም መልክ ይበልጣል። ግን ያ የመብራት መስመር በጠጠር ቢሰነጠቅ ቀጥቃጭ አያቃናውም። አምፖል ብቻ መለወጥም ስለማይቻል ሙሉው ዕቃ በዶላር ይገዛል። መኪናው ከቀረጥ ያተረፈውን በመለዋወጫ ይከፍላል። ከአስፋልት ወጥቶ ወደ ገጠር ቀበሌ ለሚዘልቅ ባለንብረት ይህ የውበት ጉዳይ አይደለም፤ የካፒታል ጉዳይ ነው።

“ውበት ገበያ ይስባል” የሚሉኝ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ያጌጠችውን ባጃጅ ተሳፋሪ ይመርጣታል። ነገር ግን የባጃጇ ጌጥ ሲወልቅ በማግስቱ ይተካል።

በእኔ እምነት ዜሮ ቀረጥ የሚያገኝ ገጣጣሚ፣ መብራትና ፓራውልትን ጭሮን በመሳሰሉ የዞን ከተሞች ለማቅረብ መገደድ አለበት። የዞኑ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎችም ለቀጥቃጮቻችን የፕላስቲክ ጥገናና የከፍተኛ ቮልቴጅ ጥንቃቄ ያስተምሩ። ገዢውም ደላላውን “ያምራል ወይ?” ከማለቱ በፊት “ሲሰበር ማን ይሠራዋል?” ብሎ ይጠይቅ። መልከ ጥፉን በስም መደገፍ ለምደናል። መልከ መልካሙ ግን ድጋፉ መለዋወጫ ነው።