ብራችንን ቤላሩስ ወሰደችው?

ባለፈው ሰሞን ለውጭ አገር ደንበኛ ሎጎ ሠርቼ የክፍያ መጠየቂያ ላክሁ። ከዋጋው ፊት በላቲን ፊደል «ቢ» እና «አር» ብዬ ጻፍኩ፤ ብር ማለቴ ነው። ሰውዬው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ቤላሩስ ነው እንዴ የምትኖረው?» ሳቅኩና ጎግል አደረግኩ። እውነቱን ነው፤ የቤላሩስ ሩብልም በነዚያው ሁለት ፊደላት ነው የሚጻፈው።

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ስልኬ ኪቦርድ ላይ የዶላሩም፣ የፓውንዱም፣ የዩሮውም ምልክት ተደርድሯል። የኛስ?

ነገሩን ሳየው፣ ብዙዎቹ ምልክቶች የየባለቤቶቻቸው ፊደል ናቸው። የእንግሊዝ ፓውንድ ምልክት «ሊብራ» የሚለው የላቲን ቃል መነሻ፣ «ኤል» ነው። የእስራኤል ሼኬል «ሼኬል» እና «አዲስ» የሚሉት የዕብራይስጥ ቃላት የሚጀምሩባቸው ሁለት ፊደላት ተጣምረው ነው። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2010 ለሩፒዋ ምልክት ስታወጣ የዴቫናጋሪን «ረ» ከላቲኑ «አር» ጋር አዋሃደች። ሳዑዲም በ2025 ለሪያሏ ከዐረብኛ ፊደል ምልክት ቀርጻለች።

ዶላር ደግሞ የኛው ዘመድ ነው። ስሙ የመጣው «ታለር» ከሚለው ነው። አያቶቻችን የተገበያዩባት፣ 1780 የተጻፈባት የማሪያ ትሬዛ ጠገራም ታለር ነበረች። እነሱ ግን የተሠራችበትን አይተው «ብር» አሏት። እስከ 1976 እ.ኤ.አ. ድረስ ገንዘባችን በእንግሊዝኛ «የኢትዮጵያ ዶላር» ሲባል፣ በአማርኛ ግን ያው ብር ነበር።

«ምልክት ቢኖረን ብሩ ሊጠነክር ነው?» እያሉ የሚቀልዱብኝ ጓደኞች አሉኝ። አይጠነክርም። ምልክት ኑሮ አያረክስም። ግን የምንሸጠውን ነገር ዋጋ ስንጽፍ የማን ገንዘብ እንደሆነ ለማሳወቅ የሰው ፊደል መዋስ አለብን?

በኔ በኩል ብሔራዊ ባንክ አንድ ቀን የዲዛይን ውድድር ቢያወጣ ደስ ይለኛል፤ እኔም እወዳደራለሁ። እስከዚያው ግን ለውጭ ደንበኛ ባንኮች የሚጠቀሙበትን «ኢቲቢ» እንጻፍ፤ እርስ በርሳችን ቴሌግራም ላይ ስንገበያይ ደግሞ «ብር» እንበል። ሁለት ፊደል ናት፤ ለዚያውም የአማርኛ ኪቦርድ ያለው ስልክ ሁሉ ላይ አለች።